ኢስታንቡል ውስጥ ሙጭጭ የሚሉ የጭፈራ ቤት ደላሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንግድ፣ ለጉብኝት ወይም በትራንዚት ኢስታንቡል ለሚያድር ሰው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ።

የጭፈራ ቤት ደላላ የሚባለው ማን ነው? ሁሉም አጭበርባሪ ነው?

አይደለም። አንደኛው ዓይነት ሜኑ ይዞ በምግብ ቤቱ ወይም በመጠጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚጣራ ነው። ቱርኮች «ችርትካን» ይሉታል፤ ጠሪ እንደ ማለት ነው። ያሰለቻል እንጂ የሚጣራለት ቤት ከጀርባው ስለሚታይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን የቆመበት በር የለም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቀርቦ፣ ወዳጅ መስሎ፣ ራቅ ወዳለ ቤት ይዞ ይሄዳል። ለሱቅም ሆነ ለመጠጥ ቤት ሰው እየሳበ ኮሚሽን የሚበላ ሰው «ሃኑትቹ» ይባላል። ኪስ የሚያራግፈው ሒሳብ የሚመጣው በዚህኛው በኩል ነው።

ሥራው በቱርክ ሕግም የተከለከለ ነው። የጥፋቶች ሕግ የሚባለው ቁጥር 5326 በአንቀጽ 37 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ሲል ሰውን ያወከ በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ ትተውት ሲሄዱ ያጠፉት ነገር የለም፤ ያጠፋው እሱ ነው።

በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት ይበዛሉ?

ዋናው ቦታ ታክሲም አደባባይና ከእሱ የሚነሳው የኢስቲክላል መንገድ ነው። ኢስቲክላል 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሕዝቡ ስለማያቋርጥ ደላላው ሳይታወቅ ይንቀሳቀሳል። ከአደባባዩ ወደ ታች በሚወርደው ስራሰልቪለርና ሆቴሎች በታጨቁበት ታሊምሃነም ይገኛሉ። በሱልጣን አህመት ደግሞ አመሻሽ ላይ ጀምረው በታክሲ ወደ ታክሲም ይዘው ይሻገራሉ። የእኛ ነጋዴዎች በብዛት በሚያርፉባቸው ላለሊና አክሳራይም አይጠፉም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራሉ። የሚፈልጉት ብቻውን ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ስልኩ ላይ ካርታ የሚያይ፣ ወይም ሱቅ ተዘግቶበት ምሽቱን የሚያሳልፍበት ያጣ ወንድ ነው።

ወሬውን ምን ብለው ይጀምራሉ?

በጣም የተለመደው በቱርክኛ ሰዓት መጠየቅ ወይም ላይተር መለመን ነው። «አልገባኝም» ሲሉት «ውይ! የዚህ አገር ሰው መስለኸኝ ነው፤ ከየት ነህ?» ይላል። ቀጥሎ እሱም እንግዳ ይሆናል፤ ከቆጵሮስ ወይም ከአንካራ ለሥራ የመጣ፣ ነገ የሚመለስ፣ ከተማውን እምብዛም የማያውቅ። ኳስ ይነሳል፣ ሲጋራ ይዘረጋል፣ ከዚያም «አንድ ቢራ ልጋብዝህ» ይመጣል።

ለእኛ ሰው የሚነሳ ሌላ ወሬም አለ። ኢትዮጵያ ሲባል ቱርኮች የድሮ ስማችንን «ሃበሺስታን» ብለው ቢላል አል ሐበሺን ማንሳት ይወዳሉ። ይህን ብዙ ቅን ሰው ከልቡ ይለዋል፤ ስለዚህ ወሬው ብቻውን የተንኮል ምልክት አይደለም። መጠንቀቅ ያለብዎት ወሬው ወደ አንድ ቤት መምራት ሲጀምር ነው።

ሊስትሮውንም ይወቁት። ሳጥኑን ተሸክሞ ፊት ፊትዎ ሲሄድ ብሩሹ «ይወድቅበታል»። አንስተው ሲሰጡት በምስጋና ስም ጫማዎን መጥረግ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይጠይቃል። ብሩሹን ሳያነሱ ይለፉ።

እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል? አልለቅም ቢለኝስ?

እግርዎን አያቁሙ። ደላላው የሚኖረው በቆመ ሰው ነው፤ ቆመው ጨዋ ሆነው ሲያስረዱት ከቆዩ ወሬው እሱ ወደሚፈልገው ይሄዳል። ሳይቆሙ «ሃየር፣ ተሼኩርለር» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ይበሉ። ከደገመ «ኢስተሚዮሩም» (አልፈልግም) በቂ ነው። ሦስተኛ መልስ አይስጡት። ከየት እንደመጡ፣ የት ሆቴል እንዳረፉ፣ መቼ እንደሚመለሱ አይንገሩት፤ ከብቸኝነትዎ እስከ ገንዘብዎ የሚገምተው በእነዚህ ነው። እጁን ለሰላምታ ቢዘረጋም አለመጨበጥ ይሻላል፤ ከጨበጠ አይለቅም።

እኛን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ባደግንበት ባህል ጋባዥን እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ የቀረበን ነገር ሳይቀምሱ መነሳትም ነውር ነው። ደላላው አማርኛ ባያውቅም ይህን ፊትዎ ላይ ያነበዋል፤ «ቅር አልከኝ»፣ «ጥቁርና ነጭ አትለይ»፣ «ወንድሜ አይደለህም?» የሚለው ለዚህ ነው። ሰውዬውን ከግማሽ ሰዓት በፊት አያውቁትም ነበር። ለእሱ የሚከፍሉት ይሉኝታ የለም።

ተከትሎ ከመጣ ወደ ጨለማ ቅያስ አይታጠፉ። ሰው ወዳለበት ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት ወይም ትልቅ ሆቴል ይግቡና ለሠራተኛው ይንገሩት፤ ደላላው በአብዛኛው በር ላይ ይመለሳል። ክንድ ከያዘ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ፖሊስ» ይበሉ። ቃሉ በቱርክኛም ያው ፖሊስ ነው።

«መግቢያ ነጻ፣ የመጀመሪያው መጠጥ በእኛ» ይላሉ። ምን ይጎዳኛል?

ነጻ የተባለውን የሚከፍል ሰው መኖር አለበት፤ ደላላው ራሱም የሚከፈለው እርስዎ ከሚያወጡት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በደላላ የተሞላ ቤት በመደበኛ ዋጋ ሸጦ አያዋጣውም።

አንዳንዴም የመጀመሪያውን ቢራ ደላላው በእውነት ይከፍላል፤ ያውም ንጹሕ በሆነ ቤት፣ በትክክለኛ ዋጋ። ያ ማጥመጃ ነው። «አሁን ደግሞ ጓደኛዬ ያለበት ቤት እንሂድ» ሲል የጋበዘዎት ስለሆነ ውለታው ይይዝዎታል። ጉዳቱ የሚደርሰው ሁለተኛው ቤት ላይ ነው።

ሴት ሳይይዙ አያስገቡም ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነትነት አለው። አንዳንድ የቱርክ ጭፈራ ቤቶች ሴት ያልያዘ ወንድን፣ በተለይ የወንዶች ቡድንን፣ አያስገቡም። ደንቡ «ዳምስዝ ጊሪልመዝ» ይባላል። ደላላው ይህን ያውቅና «ብቻህን አያስገቡህም፣ እኔ አስገባሃለሁ» ይላል። የሚያስገባዎት ግን ደንቡ ወዳለበት ታዋቂ ቤት አይደለም። በር ላይ ከተመለሱ ሌላ ቤት ይሂዱ። ከኢስቲክላል አጠገብ ባሉት ኔቪዛዴና አስማልመስጂት ውስጥ ጠረጴዛቸው መንገድ ድረስ የወጣ፣ ወንድ ብቻውን ተቀምጦ የሚጠጣባቸው ብዙ ቤቶች አሉ።

ከመግባቴ በፊት ቤቱን በምን ልለየው?

በዋጋ ዝርዝር። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ምግብና መጠጥ የሚሸጡ ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን መግቢያ በር ላይም ጠረጴዛ ላይም እንዲያስቀምጡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በር ላይ ከሌለ «ፊያት ሊስተሲ» (የዋጋ ዝርዝር) ብለው ይጠይቁ። «ግባ፣ ውስጥ እናሳይሃለን» ካሉ ይመለሱ።

ከዚያ ቤቱን ይዩት። ደረጃ ወርዶ ምድር ቤት ከሆነ፣ መስኮት ከሌለው፣ ስሙ ካልተጻፈ ወይም በስልክ ካርታ ላይ ካልተገኘ አይግቡ። ካርታው ላይ ካለም አማካዩን ኮከብ ትተው ባለ አንድ ኮከቦቹን አስተያየቶች ያንብቡ፤ የተጭበረበረ ሰው በዝርዝር ይጽፋል። ስሙን በየጊዜው የሚቀይር ቤት ስላለ ጥሩ አስተያየት ብቻ ተማምኖ መግባት አይበቃም። በመጨረሻም ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህን ቤት የመረጠው ማን ነው? እርስዎ ካልሆኑ አይግቡ።

ሜኑ ላይ ዋጋ ተጽፎ ሒሳቡ እንዴት ይናራል?

በብዙ መንገድ። ያላዘዙት የፍራፍሬና የለውዝ ሳህን ይቀርባል፤ ዝም ካሉ እንዳዘዙ ይቆጠራል። ቤቱ የጋበዘው ነገር «ኢክራም» ይባላል፤ ስለዚህ ሳህን ሲቀርብ «ኢክራም ሚ?» ብለው ይጠይቁ። አስተናጋጁ «ኢክራም» ካላለ ሳይነኩት «ኢስተሚዮሩም» ብለው ይመልሱት። ራኪ (የቱርክ አረቄ) በ«ቴክ» (ነጠላ) እና በ«ዱብሌ» (ድርብ) ይቀዳል፤ ቴክ አዘው ዱብሌ፣ ወይም ጭራሽ ባለ 70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ሊወርድ ይችላል። ቢራም ባለ 33 እና ባለ 50 ሳንቲ ሊትር አለ። በአጭበርባሪ ቤት ደግሞ ሁለተኛ ሜኑ ይኖራል፤ ሲገቡ የሚያሳዩዎት ሌላ፣ ሲከፍሉ የሚያመጡት ሌላ።

መከላከያው ቀላል ነው። ከማዘዝዎ በፊት ሜኑውን በስልክ ፎቶ ያንሱ። የመጀመሪያው ብርጭቆ እንደመጣ «ሄሳፕ ሉትፈን» (ሒሳብ እባክዎ) ብለው ወዲያው ይክፈሉ፤ «ሄሳፕ» ከእኛው «ሒሳብ» ጋር አንድ ቃል ስለሆነ አይረሳም። እየጠጡ እየከፈሉ መሄድን ጤነኛ ቤት አይቃወምም። «መጨረሻ ላይ ይደመራል» ብሎ ድርቅ ያለ ቤት ካጋጠመዎት የያዙትን ከፍለው ይውጡ።

ሴቶች መጥተው አጠገቤ ቢቀመጡስ?

በአብዛኛው የቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ቱርክኛው «ኮንሶማትሪስ» ይላቸዋል፤ እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ «ፓቭዮን» ይባላል። እነሱ የሚጠጡት ብርጭቆ በእርስዎ ሒሳብ ላይ፣ እርስዎ ከሚጠጡት ብዙ እጥፍ በሆነ ዋጋ ይጻፋል፤ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ጭማቂ ወይም ውኃ የበዛበት መጠጥ ነው። «ልጠጣ?» ሲሉ ራስዎን ከነቀነቁ ትእዛዝ ሆኖ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ሳይጠይቁ ሻምፓኝ ይከፈታል።

ልክ እንደተቀመጡ ለእነሱ ሳይሆን ለአስተናጋጁ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው «አላዘዝኩም» ይበሉ፤ ተነስተውም ሒሳብ ይጠይቁ። ሴቶቹን አይሳደቡ፣ አይንኩ። ብዙዎቹ ራሳቸው ጫና ላይ ያሉ ናቸው፤ የነኩ እንደሆነም ጋርዱ ለጠብ ሰበብ ያገኛል።

ሁለት ቢራ ጠጥቼ የብዙ መቶ ዩሮ ሒሳብ አመጡልኝ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ራስዎን ያድኑ፤ ገንዘቡ ቀጥሎ ነው። አይጩኹ፣ ጋርዱን አይገፍትሩ። ወደ ኋላ ክፍል ወይም ወደ ቢሮ «ና እንነጋገር» ካሉ አይሂዱ፤ በሩ በሚታይበት፣ ሌላ ደንበኛ ባለበት ይቆዩ። በዝርዝር የተጻፈ ሒሳብ ይጠይቁና ፎቶ ካነሱት ሜኑ ጋር አስተያይተው የጠጡትን ብቻ እንደሚከፍሉ በረጋ ድምፅ ይናገሩ። ካልተስማሙ ወደ 112 ይደውሉ፤ ቱርክ ውስጥ ፖሊስም አምቡላንስም እሳት አደጋም በዚህ ቁጥር ይገኛሉ። ስልኩን አውጥተው «ፖሊስ እንጥራ» ማለት ብቻውን ሒሳቡን የሚያወርድበት ጊዜ አለ፤ ፖሊስ እንዲመጣ የማይፈልጉት እነሱ ናቸውና።

ካስፈራሩዎት፣ ከከበቡዎት ወይም በሩን ከዘጉ ጉዳዩ የሒሳብ ክርክር መሆኑ ቀርቷል። በቱርክ የወንጀል ሕግ ቁጥር 5237 አንቀጽ 148 በማስፈራራት ገንዘብ መውሰድ ዝርፊያ ሲሆን ከ6 እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ሰውን ከፍላጎቱ ውጪ አግቶ መያዝም በአንቀጽ 109 ለብቻው ወንጀል ነው። ይህን ቤቱ ውስጥ ሆነው አይከራከሩበት፤ በኋላ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ይጠቅምዎታል። አደጋ ከተሰማዎት ይክፈሉና ይውጡ።

መክፈል ግድ ከሆነ ከጥሬ ገንዘብ ካርድ ይሻላል፤ የቤቱን ስም የያዘ ማስረጃ ይተዋል። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያነቡ ሚስጥር ቁጥርዎን አያስገቡ። ቱርኮች ሺህን በነጥብ፣ ሳንቲምን በኮማ ይለያሉ፦ 1.500,00 ማለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። በእኛ አጻጻፍ አንድ ተኩል መስሎት የሚታለል ሰው አለ። ማሽኑ ሊራ ወይስ ዶላር ብሎ ካስመረጠዎ ሊራን ይምረጡ። ወደ ኤቲኤም ሲወስዱዎት ደግሞ ከቤቱ ወጥተዋል ማለት ነው፤ በሕዝብ መካከል ሲደርሱ ወደ ክፍት ሱቅ ወይም ወደ ፖሊስ መሄድ ይችላሉ።

ከከፈልኩ በኋላ ገንዘቤ ይመለሳል?

ተስፋ ያለው ያው ሌሊቱን ሲንቀሳቀሱ ነው። እንደወጡ ካርታ ላይ የቆሙበትን ቦታ ያስቀምጡ፣ የቤቱን በርና ስም ከሩቅ ፎቶ ያንሱ። ብቻዎን ተመልሰው አይግቡ። በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱና «ቱታናክ» የሚባለውን ቃለ ጉባኤ ያስጽፉ። የቱሪዝም ፖሊስ ቢሮው ሱልጣን አህመት፣ ከየረባታን የምድር ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ነው። ከፖሊስ ጋር ተመልሰው ሲሄዱ ቤቱ ለመታረቅ ብሎ የሚመልስበት አጋጣሚ አለ። የነገ በረራ ቢኖርዎትም ሌሊቱን መሄድ ይሻላል፤ ከአገር ከወጡ በኋላ መከታተል እጅግ ይከብዳል።

በካርድ ከከፈሉ ለባንክዎ ደውለው ካርዱን ያሳግዱ፤ ክፍያውን በጽሑፍ ይቃወሙና ቱታናኩን፣ ደረሰኙን («ፊሽ» ይሉታል) እና የሜኑውን ፎቶ ያያይዙ። በሚስጥር ቁጥር የተፈጸመ ክፍያን ባንክ በቀላሉ አይመልስም፤ ለዚህ ነው የፖሊስ ወረቀቱ ዋጋ ያለው። ስለ ዋጋና ደረሰኝ ብቻ ከሆነ ቅሬታዎ፣ የተጠቃሚዎች መስመር 175 አለ።

መጠጥ ውስጥ ነገር ቢጨምሩብኝ በምን አውቃለሁ?

ከጠጡት መጠን በላይ ሲሆንብዎት ነው የሚታወቀው። አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ይዘው ምላስዎ ከተሳሰረ፣ እግርዎ ከከዳዎት፣ ድንገት እንቅልፍ ከጣለዎት ስካር አይደለም። ሰውነትዎ ሳይክድዎት ወደ ሌሎች ደንበኞች ይጠጉ፣ 112 ይደውሉ፣ ለሚያምኑት ሰው ቦታዎን ይላኩ። ደላላው «እኔ ሆቴል ላድርስህ» ካለ አይሂዱ። ሐኪም ቤት ቶሎ መድረስ ለሕይወትም ለማስረጃም ያስፈልጋል፤ ጂኤችቢ የሚባለው ማደንዘዣ በሽንት የሚታየው ከተጠጣ በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት ገደማ ውስጥ ብቻ ነው።

ከመሆኑ በፊት፣ ታሽጎ መጥቶ ፊትዎ የተከፈተ ጠርሙስ ብቻ ይጠጡ። ወደ መጸዳጃ ሄደው የተመለሱበትን ብርጭቆ ይተዉት። እንግዳ ሰው የሚያቀምስዎትን ሲጋራና ጣፋጭም ያስቡበት።

የታክሲ ሹፌሩ ራሱ ደላላ ቢሆንስ?

«ጥሩ ቦታ ውሰደኝ» ያሉት ሹፌር ኮሚሽን ወደሚሰጠው ቤት ቢወስድዎት አይግረምዎት። ሁልጊዜ የቤት ስምና አድራሻ ይስጡ፣ ታክሲሜትሩ መሥራቱን ይዩ፣ ከተቻለ ቢታክሲ በሚባለው መተግበሪያ ይጥሩ። ከታክሲም ወደ ላለሊ አካባቢ ለመመለስ ኤም 2 ሜትሮ ቬዝነጂለር ያወርድዎታል፤ ወደ እኩለ ሌሊት ይዘጋል፣ አርብና ቅዳሜ ሌሊት ግን ይሠራል። ለምሽቱ የሚበቃ ሊራና ወሰኑ ዝቅ የተደረገ አንድ ካርድ ብቻ ይዘው ይውጡ። የዕቃ መግዣ ዶላር ሆቴል ካዝና ውስጥ ይደር።

ፓስፖርቴን ቢወስዱ ወይም «ፖሊስ ከመጣ የምትታሰረው አንተ ነህ» ቢሉኝስ?

ፓስፖርትን ለሒሳብ መያዣ የማስቀረት መብት ያለው ቤት የለም። ከያዙት ለ112 ሲደውሉ በመጀመሪያ የሚናገሩት ይህንን ይሁን። ካልተመለሰ ቱታናክ አስጽፈው አንካራ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያመልክቱ። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ አስቀድመው በስልክዎም በኢሜይልዎም ያስቀምጡ።

ማስፈራሪያው ባዶ ነው። መጠጥ ጠጥቶ ዋጋው ላይ መከራከር ወንጀል አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ግን ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ አጭበርባሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ እንደዚህ ያለውን ሰው ይመርጣሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ከማያውቀው ጋር ጨርሶ ወደ ጭፈራ ቤት ባይሄድ እንመክራለን፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ወረቀቱን ፈርቶ 112 ከመደወል እንዳይቆጠብ።

የጋበዘኝን ሁሉ ልጠርጥር? አማርኛ የሚናገር ሰው ቢሆንስ?

ቱርኮች እንግዳ ይወዳሉ። ባለ ሱቅ ሻይ ሲያቀርብልዎት፣ ባቡር ውስጥ ያገኙት ሰው ምግብ ሲያካፍልዎት ከልባቸው ነው፤ ይህንን በጥርጣሬ መመለስ ያሳዝናል። መለያው ቦታው ነው። ለጋባዡ «ደስ ይለኛል፣ ግን እኔ የማውቀው ቤት እንሂድ» ይበሉትና ኢስቲክላል ላይ ያለ፣ ሰው የሞላበት፣ ዋጋው የተለጠፈ ቤት ይጥቀሱ። ቅን ሰው «እሺ» ይላል። ደላላ ግን «እዚያ ውድ ነው»፣ «እዚያ ሙዚቃ የለም»፣ «የጓደኛዬ ቤት ይሻላል» እያለ ወደ አንድ ቤት ብቻ ይጎትትዎታል፤ ካልሆነለትም ድንገት ቀጠሮ ትዝ ይለውና ይሄዳል።

አማርኛ ለሚናገረውም ይኸው ነው። ዕቃ በማስገዛት ወይም በማስተርጐም ቀኑን ሙሉ ያገለገለዎት ሰው ማታ «ላዝናናዎት» ቢል ለሥራው ተገቢውን ይክፈሉት፤ የሚሄዱበትን ቤት ግን እርስዎ ይምረጡ። የአገር ልጅ መሆኑ የሜኑውን ዋጋ ከማየት አያስቀርም፤ እሱም ቅን ከሆነ በዚህ አይቀየምም።